ኔትወርክ ነው

ሲሀም መጠበቅ የማይሆንላት ሴት ናት። ሊፍት ከዘገየ በደረጃ ትወጣለች፤ ታክሲ እስኪሞላ ከመቀመጥ ዳገቱን በእግሯ ትያያዘዋለች። የዘገየ ድረ ገጽ ማፍጠን ሥራዋ ሲሆን የሚያውቋት ሁሉ «የልብሽን ሥራ አገኘሽ» ያሏትም ለዚህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው በጥሩ ውጤት ነው፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ላይ ከጎይቶም ጋር አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይተው ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ ይሠራሉ። ጎይቶም ዝግ ያለ ሰው ነው። እሷ «ቀንድ አውጣ» ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ «አምቡላንስ» ይላታል።

መነጽር ሠሪው ጋሽ አብዱረህማን እንደ ሌላው ደንበኛ አልነበሩም። የአባቷ የልጅነት ወዳጅ ናቸው፤ ከደሴ አንድ ላይ መጥተው ፒያሳ ላይ ኑሮ የጀመሩ። በአንድ ወቅት ግማሹ አራዳ ጋዜጣ የሚያነበው በእሳቸው መነጽር ነው ይባል ነበር። ሱቃቸው የነበረበት ሕንፃ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። አዲሱ ሱቅ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ከጨርቅ ሻጮቹ ኋላ ባለ መተላለፊያ ውስጥ ነው። የሚያውቀው ሰው እንኳን አንዳንዴ አልፎት ይሄዳል።

የድሮ ደንበኞቻቸው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ብዙዎቹ ሱቁ መፍረሱን እንጂ መዛወሩን አልሰሙም። ጋሽ አብዱ ሥራ አቁመዋል የሚል አለ፤ ሞተዋል ብሎ ነፍስ ይማር ያለም አልጠፋም። ጋሽ አብዱ ራሳቸው «በቁሜ ተስካሬን በሉት» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አያልፍም። አዲሱ ሱቅ ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ሌንስ እየወለወሉ ይውላሉ፣ የሚገባ ሰው የለም። ወሩ እንዲህ ካለቀ ዕቃቸውን ጠቅልለው ቤት መግባታቸው ነው፤ ይህንን ለሲሀም አባት ነግረውታል፣ አባቷም ለእሷ። የቀራቸው አንድ መንገድ ነበር፤ ቅዳሜ ጧት ለደንበኞቻቸው ሁሉ በስልክ አጭር መልእክት መላክ።

ጋሽ አብዱ መልእክቱ ላይ አቅጣጫውን ራሱን መጻፍ ፈልገው ነበር።

«‹ከፒያሳ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ በስተግራ፣ ጨርቅ ሻጮቹን አልፋችሁ፣ የብረቱን በር ገፋ አድርጋችሁ› ብዬ ልጻፈው» አሉ።

«ጋሼ፣ ያንን ሁሉ ማንም አያነበውም። ‹ተዛውረናል› ይበሉና የድረ ገጹን ሊንክ ያስቀምጡ። ሲነኩት አድራሻው ከነካርታው ይመጣላቸዋል።»

«ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እኔ ስልክ ላይ ግን ተስቢሔን ጨርሼ ዱዓ አድርጌ ነው የሚመጣው።»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ጉዳዩን ተዉላት።

አርብ ዕለት ሲሀም ገጹን የፍጥነት መመዘኛ ውስጥ አስገባችው። ቀይ ቁጥር ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ ምክሮች ተደረደሩ። ከእነዚያ ውስጥ ዓይኗ የገባው ጥቅም ላይ ያልዋለ ሲኤስኤስ አለ የሚለው ነበር። ሌሎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ይሄኛው ቁርስ ሳይበላ ያልቃል።

ሲኤስኤስ የሚሉት የገጹን መልክ የሚያዝ ጽሑፍ ነው። ፊደሉ ምን ያህል ይሁን፣ ፎቶው የት ይቀመጥ፣ አድራሻው ላይ ይሁን ታች፣ ሁሉም እዚያ ይታዘዛል። ስልኩ ይህን ትእዛዝ አንብቦ ሳይጨርስ ገጹን አያሳይም። የጋሽ አብዱን ገጽ ከእነሱ በፊት ሁለት ሰዎች ሠርተውት ነበርና፣ እያንዳንዱ የራሱን ትእዛዝ ጨምሮበት እንጂ የቀድሞውን የቀነሰ አልነበረም።

«ይኼን ሁሉ ጭነት ላራግፈው ነው» አለች።

ጎይቶም ወንበሩን አዞረ። «አትንኪው። የሚያዘገየው ምን እንደሆነ እኮ አላየንም።»

«መሣሪያው ነገረኝ አይደል? አብዛኛው አያገለግልም ይላል።»

«ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ካለው ልብስም አብዛኛው አይለበስም። ጧት የምታረፍጂው በእሱ ነው?»

«ስልኩ ሲኤስኤሱን ሳያነብ ገጹን አያሳይም። ይኼ ሀቅ ነው።»

«ሀቅ ነው። ግን ስልኩን ያስጠበቀው እሱ ነው ወይስ ሌላ? እሱ ከሆነ ቆርጠሽ ጣዪው፣ ትጠቅሚያለሽ። ካልሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እኔ ፎቶዎቹን ነው የምጠረጥረው፣ ግን እኔም አላውቅም። በተራ ስልክ፣ በዳታ እንክፈተውና እንይ።»

«መልእክቱ ነገ ጧት ነው የሚወጣው፣ ቀንድ አውጣ።»

«እኮ! ነገ የሚወጣ ነገር ዛሬ አይነካም።»

አልሰማችውም። የማያገለግለውን ትእዛዝ የሚለይ ፕሮግራም አለ፤ የገጹን አድራሻ ይሰጡታል፣ ገጹ የሚሠራባቸውን ትእዛዞች ያስቀርና ሌላውን ይጥላል። ሲሀም ፊቷ ላይ የነበረውን አድራሻ ገልብጣ ሰጠችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀዩ ቁጥር አረንጓዴ ሆነ። እጇን አጨበጨበች።

ጋሽ አብዱ ከጁምዓ መልስ ብቅ ያሉት እሷ ገና ሳትቀዘቅዝ ነው። ስክሪኑን አዞረችላቸውና ገጹን ከፈተችው። ዓይን ሳይጨፈን መጣ።

«ማሻአላህ!» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ የእኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ።»

«ስሜ የታለ?»

«ይኸው፣ እዚህ ላይ። በእንግሊዝኛው ነው፣ ያው ነው።» ከዚያ ወደ ጎይቶም በአገጯ እየጠቆመች «እሱን ብንሰማው ኖሮ ገና እየለካን ነበር» አለች።

«መለካት አይናቅም» አሉ ጋሽ አብዱ። «እኔ በልኬት ነው የኖርኩት።» ግን እየሳቁ ነበር። ትከሻዋን ቸብ አደረጓትና «የወዳጄ ልጅ ጭንቀቴን አስረሳችኝ፣ ዛሬ እንቅልፍ እተኛለሁ» ብለው ወጡ።

ጎይቶም ወደ ስክሪኑ ዞረ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው፤ አንድ ነገር እንዲል ፈልጋ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሲሀም የደንበኞቹን ሰልፍ ለማየት ራሷ ወደ ሱቁ ሄደች። ጋሽ አብዱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። የብረቱን በር በትልቅ ድንጋይ አስደግፈው ከፍተውታል፤ ባንኮኒው ተወልውሎ ያበራል፣ ከጎረቤት የተዋሷቸው ወንበሮች በግድግዳው ተደርድረዋል። መልእክቱ ወጣ። ሁለቱም በሩን ማየት ጀመሩ።

ሰው አልመጣም። ስልክ ግን ተደወለ።

«አልከፈት አለዎት?» አሉ ጋሽ አብዱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው። ወደ ሲሀም ዞሩ። እሷ በራሷ ስልክ ከፈተችው፣ ወዲያው መጣ።

«ይሠራል። ኔትወርክ ነው ይበሏቸው።»

«ኔትወርክ ነው አሉ» አሉ ጋሽ አብዱ ለደዋዩ፣ ልባቸው መለስ ብሎ። «አብሽሩ፣ ቆይተው ይሞክሩት።»

ሌላ ተደወለ። ሌላም። አንዱ ስልኬ ተንቀረፈፈ ይላል፣ አንዱ መነጽር ብቻ ነው የማየው ይላል፣ አንዱ ጭራሽ የሚያወራው ሳይሰማ ተቆጥቶ ዘጋ። ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «ኔትወርክ ነው» ያለውን ሰው ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም። እንደ ዝናብ ነው፤ መጣ ይባላል፣ ያልፋል ይባላል፣ ሰውም አይከሰስበትም።

ረፋዱ ላይ አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ በተከፈተው በር ገቡ። ላብ በላብ ሆነዋል። በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው እግሩ የተሰበረ መነጽር ይዘዋል።

«አብዱ! አለህ እንዴ? እኔ እኮ አልቅሼልህ ነበር!»

«እትዬ እንቁ! አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። እንዴት አገኙኝ?»

«በልመና ነዋ! መልእክትህ ሲመጣ ደስ ብሎኝ፣ አድራሻው አልታይ ሲለኝ የድሮው ቦታ ሄጄ የቆርቆሮ አጥር ሥር ተገተርኩ። ሎተሪ አዟሪውን ብጠይቅ ‹እማማ፣ ሕንፃውም ሰውየውም ሄደዋል› አለኝ። ጨርቅ ሻጮቹ ባያመላክቱኝ ኖሮ ተመልሼ ነበር። ውቤ በረሃ ተወልጄ ያረጀሁ ሰው ፒያሳ ላይ መንገድ ጠፋኝ ስል ማን ያምነኛል?»

«ስልክዎ ላይ አድራሻው አለ እኮ፣ እትዬ» አለች ሲሀም።

«የታለ? አሳዪኛ!»

ሲሀም ስልኩን ተቀበለች። አሮጌ ነው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ ገጹም የተከፈተው በአማርኛ ነው። አንድ የመነጽር ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶታል፣ ያውም ግማሹ ብቻ መጥቶ ተገትሯል። በጣቷ ወደ ታች ገፋችው። ሌላ መነጽር። ሌላ። በመስመር በመስመር ተደርድረው የነበሩት ፎቶዎች እያንዳንዳቸው እንደ መጋረጃ ተዘርግተዋል። በመካከላቸው ጤፍ የሚያካክል ፊደል ተበትኗል። ገፋች፣ ገፋች። አድራሻው ከሁሉም ሥር ወድቆ አገኘችው። እስከዚያ ድረስ የሚወርድ ደንበኛ አይኖርም። እሷም ብትሆን አትወርድም ነበር።

ገባት። ኮምፒውተሯ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ስልኳም እንግሊዝኛ ነው። ገጹ ለእሷ ሁልጊዜ የሚከፈተው በእንግሊዝኛ ነው። ለፕሮግራሙ የሰጠችውም እንግሊዝኛውን ነበር። እሱም የታዘዘውን አደረገ፤ እንግሊዝኛው ገጽ የማይፈልገውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ያ ሁሉ አያገለግልም የተባለ ትእዛዝ የአማርኛው ገጽ ነበር። ጧት የደወሉት ሁሉ ያዩት ይህንን ነው። አባቷ ደሴ፣ እናቷ ወረኢሉ የተወለዱ፣ እሷ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አሜሪካን ግቢ ያደገች፣ ለአራዳ ሽማግሌዎች ድረ ገጽ ስትሠራ አማርኛውን አንዴ እንኳን ከፍታ አላየችውም።



«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ጋሽ አብዱ በትከሻዋ ላይ ለማየት እየሞከሩ። ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ኔትወርክ ነው፣ ጋሼ።»

የቀደሙትን ጊዜያት አምናበት ነው የተናገረችው። ይሄኛውን እያወቀች።

ጋሽ አብዱ ኮታቸውን ከማንጠልጠያው አነሡ። «እንግዲያውስ ዝም አይባልም። የኔትወርኮቹ ቢሮ ቅዳሜ ክፍት ነው፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይተዉት… ራሱ ይስተካከላል…»

«ሰው እየጠፋብኝ እኮ ነው፣ ልጄ!» ቆባቸውን አስተካከሉ። «እትዬ እንቁ፣ አረፍ ይበሉ፣ መጣሁ።» ወጡ።

ተከትላ ልትጠራቸው ትችል ነበር። ያሰበችው ግን ሌላ ነው፤ እሳቸው ዳገቱን ወጥተው፣ ተሰልፈው፣ ተከራክረው እስኪመለሱ ገጹን አስተካክላ ትጠብቃቸዋለች፣ የኔትወርክ ቢሮ ሰዎችም «ሠራንልዎት» ብለዋቸው ይሆናል፣ ነገሩም በዚያው ይቀበራል። መተላለፊያው ውስጥ ቆማ ለጎይቶም ደወለች፣ በጥድፊያ ነገረችው።

«አማርኛውን ገጽ ሰጥተሽው ነበር?» አላት።

ከአንድ የጨርቅ ጥቅል የወጣ ክር መዘዘች።

«ሲሀም።»

«አልሰጠሁትም።»

«ከፍተሽስ አላየሽውም?»

«አላየሁም አልኩህ እኮ!»

«ገና አሁን ነው ያልሽኝ።» የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አደባባዩ ጋ ነው ማለት ነው። «የድሮው ቅጂ አለ፣ ቢሮ ገብቼ እመልሰዋለሁ። ጋሽ አብዱስ ምን አሉ?»

«ኔትወርክ ነው ብያቸው… ኔትወርክ ቢሮ ሄደዋል።»



«አምቡላንስ» አለ ጎይቶም። «መሮጥ አሁን ነው።»

ሮጠች። በጨርቅ ጥቅሎቹ መካከል፣ በታክሲዎቹ መካከል፣ ዳገቱን። ፒያሳ ላይ ስትደርስ ጎኗን ወግቷት በእጇ ይዛዋለች። ወደ ቸርችል ታጥፋ ቁልቁል ወረደች። የኔትወርክ ቢሮውን የመስታወት በር ስትገፋ መጀመሪያ የተቀበላት የጋሽ አብዱ ድምፅ ነው። በሕይወቷ ሙሉ ጮኸው ሰምታቸው አታውቅም።

«ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት የምልሽ! በኮምፒውተር! እሷ ኔትወርክ ነው ካለች ኔትወርክ ነው። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ የሲሀም እኩያ ናት። ደረቷ ላይ ሔርሜላ የሚል ስም ተለጥፏል። «አባቴ፣ በድልድዩ አካባቢ የተመዘገበ ብልሽት የለም። ግን ቅሬታዎን እቀበላለሁ፣ ይረጋጉ…»

«የለም ትለኛለች! ሰው ሱቄን አጥቶ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ እየዋለ የለም ትለኛለች!»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ከወረፋው አንዱ። ያ በቂ ነበር። ወረፋው ሁሉ የየራሱን ቂም አወጣ። አንዷ የልጇ ጥሪ እንደሚቆራረጥ፣ አንዱ ዳታው እንደሚበላበት፣ አንዱ ዝም ብሎ «ሽማግሌ ያክብሩ እንጂ!» እያለ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ሔርሜላ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ የምትጽፈው ጠፍቷት ተቀመጠች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ሲሀም በሰው መካከል ገብታ የጋሽ አብዱን እጅጌ ያዘች። «ጋሼ፣ ይምጡ። ውጭ ልንገርዎ።»

«እነኋት!» አሉ ጋሽ አብዱ፣ ፊታቸው በርቶ። ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። «እነኋት ልጄ! ንገሪያት!»

ሰዉ ዝም አለ። ባለሙያዋን ለመስማት።

እጅጌያቸውን ወደ በሩ ሳበች፤ አልተንቀሳቀሱም። ሔርሜላ እያየቻት ነው።

«ኔትወርክ አይደለም» አለች ሲሀም።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ኔትወርክ አይደለም! ድረ ገጹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ አብዱ፤ እሷን ሳይሆን ዙሪያውን እየጠየቁ።

«ትናንት ገጹን ላፈጥነው ብዬ የማያስፈልገውን ቆረጥኩ። ስቆርጥ ያየሁት እንግሊዝኛውን ነበር። አማርኛውን አላየሁትም። የአማርኛውን ነው የቆረጥኩት።»

«አማርኛ አትችልም እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ፤ ወረፋው ሳቀ። «ወይ ዩኒቨርሲቲ!» አለ ሌላው። የልጇ ጥሪ ነገር ያንገበገባት ሴትዮ እንኳን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

ጋሽ አብዱ አልሳቁም። የያዙትን ክንዷን ቀስ ብለው ለቀቁት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ጎንበስ አሉ።

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ» አሏት ለሔርሜላ። «በማላውቀው ነገር ድምፄን ከፍ አደረግሁብሽ። በሰው ፊት ነው ያሳፈርኩሽ፣ በሰው ፊት ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደል፣ አባቴ።»

«አይ። ይቅር ብያለሁ በይ።»

«ይቅር ብያለሁ።»

ከዚያ ሔርሜላ ወደ ሲሀም ዞረች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። «ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?» አለቻት፤ ለሁሉም የሚባለውን፣ በሚባልበት ድምፅ። ሲሀም ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

አስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ። ሚኒባሶቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ጋሽ አብዱ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አጠፉት፤ ሲወጡ ያልነበረ ድካም ትከሻቸው ላይ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉ።

አሁን ነው ማለት ትችል ነበር። እሳቸውም ያምኗት ነበር፤ እስካሁን ያሏትን ሁሉ አምነዋል።

«እትዬ እንቁ ስልካቸውን ሲሰጡኝ።»

«እኔ ሳልወጣ።»

«ሳይወጡ።»

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሰጧት። «በዚህ ይከፈት እንደሆነ እይ። በአማርኛ። በዓይንሽ ሳታይ አትምጪ።» ብቻቸውን ዳገቱን ጀመሩት።

ቢሮ ስትገባ ጎይቶም የድሮውን ሲኤስኤስ መልሶት ነበር። የጋሽ አብዱን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዋይፋዩን አጥፍተው በዳታ ከፈቱት። ገጹ መልኩን ይዟል፤ ግን እንደ ቀድሞው ተንቀረፈፈ። ጎይቶም እያንዳንዱ ነገር ለመምጣት የወሰደበትን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ አወጣው፤ ትናንት እንይ ያለው ይህንን ነበር። ፎቶዎቹ ከካሜራ እንደወጡ፣ ሳይቀንሱ የተጫኑ ናቸው፤ ዳታውን የሚበሉት እነሱ ነበሩ። ቀነሷቸው። ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ የአማርኛውን ፊደል ፋይል እስኪያወርድ ጽሑፉን ደብቆ ይጠብቅ ነበር። እሱ ከሲኤስኤሱ ነው፤ በስልኩ በራሱ ፊደል ወዲያው አሳይ የሚል አንድ መስመር ጨመሩበት። ገጹ በጋሽ አብዱ ስልክ ላይ ከነአድራሻው ቶሎ መጣ።

ሲሀም ግን በዚያ አልተወችውም። ማንም በማያየው ቅጂ ላይ የትናንቱን ቆረጣ እንደገና ሠራችው፤ በዚህ ጊዜ ለፕሮግራሙ ሁለቱንም ገጾች ሰጥታ፣ በትክክል። በስልኩ ከፈተችው። ከፊተኛው ጋር በዓይን የሚለይ ልዩነት አልነበረውም። ደጋግማ ሞከረችው። ምንም። በትክክል ብትቆርጠው እንኳን ለጋሽ አብዱ ደንበኞች ምንም አይጠቅምም ነበር። አረንጓዴው ቁጥር የሚያስደስተው እሷን ብቻ ነበር።

ጎይቶም አጠገቧ ቆሞ አይቷል። የቁም ሳጥኑን ነገር እንዲያነሣባት ጠበቀች፤ ቢያነሣባት ይሻላት ነበር።

«ሂጂ፣ ስልካቸውን አድርሺ» ብቻ አላት።

ሱቁ ውስጥ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ባዶ ናቸው። ጋሽ አብዱ እትዬ እንቁን ከመስታወቱ ፊት አስቀምጠው የዓይናቸውን ልክ እየወሰዱ ነበር። ሲሀም ገጹን ከፍታ አሳየቻቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«ሌላ መልእክት እንላክ?» አለች።

«ይላካል እንጂ። አቅጣጫውን ጻፊ፤ ጨርቅ ሻጮቹን፣ የብረቱን በር፣ እኔ እንዳልኩሽ። ከዚያ የጧቱ ለምን እንዳልሆነ ጻፊ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጻፈች። አቅጣጫው ቀላል ነበር። ቀጥሎ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። «በእኛ ስህተት» አለች። እሱም አልሆነም፤ ጋሽ አብዱ ምን አጠፉ? አጥፍታ እንደገና ጻፈች፣ በዚህ ጊዜ ስሟን ጨምራ። ልታነብላቸው ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ላኪው» አሉ፣ ከእትዬ እንቁ ዓይን ቀና ሳይሉ።

«አያዩትም?»

«ላኪው።»

ላከችው። ወዲያው የእትዬ እንቁ ስልክ ጭናቸው ላይ ጮኸ።

«ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ፤ መነጽራቸው የተሰበረ ስለሆነ ስልኩን እጃቸው እስከደረሰ አርቀው ያዙት። ድምፃቸው ውቤ በረሃን ሙሉ ያሳደገ ድምፅ ነው፤ መተላለፊያው ውስጥ የነበሩት ጨርቅ ሻጮች ዞረው አዩ። «‹ከፒ… ያሳ… ወደ… ድል… ድዩ…›»

«እኔ ላንብብልዎ፣ እትዬ» አለች ሲሀም።

«ተዪኝ፣ ራሴ አነባለሁ! ‹የብረ… ቱን… በር…› እሺ። ‹የጧ… ቱ… መል… እክት… ያል… ተከፈ… ተላችሁ… የድረ… ገጹ… ሠራ… ተኛ… ሲ… ሀም…›» ቆሙ። ስልኩን ዝቅ አድርገው በላዩ አሻግረው አዩዋት። «ሲሀም የተባለችው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እህ» አሉ፤ ስልኩን እንደገና አርቀው ያዙ። ጋሽ አብዱ ልኬታቸውን አቁመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰሙት ነው። ሁለት ጨርቅ ሻጮች በሩ ድረስ መጥተዋል። «‹ሲሀም… አማር… ኛውን… ገጽ… ሳታ… የው…›»

ገና ግማሹ ቀርቷል።